እግሯ አጭር፣ መንገዷ ረጅም፦ በመዥገር የሚተላለፉ ቫይረሶች ታሪክ

መዥገር ክንፍ የላትም፤ አትዘልም፤ በዕድሜዋ ሙሉ በራሷ እግር የምትሄደው መንገድ በጣም አጭር ነው። ብዙ ዝርያዎች ሣር ጫፍ ላይ ወጥተው፣ የፊት እግራቸውን ዘርግተው፣ የሚያልፍ እንስሳ ይጠብቃሉ። ከቦታዋ እምብዛም የማትርቀው ይህች ደም መጣጭ የምትሸከማቸው ቫይረሶች ግን ከኮንጎ እስከ ክሪሚያ፣ ከኬንያ እስከ ሕንድ፣ ከሳይቤሪያ እስከ ሰሜን አሜሪካ ተገኝተዋል።

ለእኛ አገር ከብት አርቢ መዥገር የቆዳ ጠላት ናት፤ ጡት ታቆስላለች፣ ወተት ትቀንሳለች፣ ጥጃ ታከሳለች። ቫይረስ ተሸካሚነቷ ግን ቁርጥራጭ ሆኖ ነው የሚሰማው፦ አንድ ጊዜ ከኢራቅ፣ አንድ ጊዜ ከቻይና፣ አንድ ጊዜ ከስፔን። ወሬዎቹን በጊዜ ቅደም ተከተል ስንገጣጥማቸው አንድ መልክ ይወጣቸዋል። ቫይረሶቹ አብዛኞቹ በየቦታቸው የኖሩ ነባሮች ናቸው፤ ከተደበቁበት ያወጣቸው የሰው ሥራ ነው። ከብት መንዳት፣ ደን መመንጠር፣ ጦርነት፣ ንግድ፣ የመንግሥታት መፍረስ፤ ታሪኩ የእነዚህ ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1893 እስከ 1921፦ የከብት ነጂዎች ጥርጣሬ

ነገሩ የተጀመረው ቫይረስ ባልሆነ በሽታ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቴክሳስ ከብት ነጂዎች መንጋቸውን ወደ ሰሜን ሲነዱ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይከተላቸው ነበር። የደቡቡ ከብት ጤነኛ ነው፤ እሱ ባለፈበት መስክ የጋጠው የሰሜኑ ከብት ግን ይሞታል። ነጂዎቹና ገበሬዎቹ ጣታቸውን የቀሰሩት በመዥገር ላይ ነበር፤ ብዙ ምሁራን ግን ይህን አልተቀበሉትም። ቴዎባልድ ስሚዝና ፍሬድሪክ ኪልቦርን መዥገር ያለባቸውንና መዥገራቸው የተለቀመላቸውን የደቡብ ከብቶች ለየብቻ ከሰሜን ከብቶች ጋር አውለው ሞከሩ። መዥገር በሌለበት በሽታ የለም። ውጤቱ በ1893 ታተመ። የበሽታው መንስኤ ደም ውስጥ የሚኖር ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስ ነበር፤ ዋናው ቁም ነገር ግን መዥገር በሽታ እንደምታሻግር መረጋገጡ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይወስደናል። በ1910 አካባቢ ናይሮቢ በባቡር ሐዲድ ዳር ያደገች አዲስ ከተማ ነበረች፤ ሥጋ ትፈልጋለች። ከሩቅ ተነድተው ለሽያጭ የሚመጡ በጎችና ፍየሎች በደም የተቀላቀለ ተቅማጥ እየያዛቸው ያልቁ ጀመር። የእንስሳት ሐኪሙ ዩስታስ ሞንትጎመሪ በ1917 ባወጡት ጥናት በሽታውን የሚያመጣው በመደበኛ ማጣሪያ የሚያልፍ፣ በአጉሊ መነጽር የማይታይ ነገር መሆኑንና የሚያስተላልፈውም ቡናማዋ የጆሮ መዥገር መሆኗን አሳዩ። «የናይሮቢ የበግ በሽታ» የተባለው ይኸው ነው። የአካባቢው በጎች ከግልገልነታቸው ጀምሮ ስለለመዱት ይቋቋሙት ነበር፤ የሚሞተው መዥገሯ ከሌለችበት አገር የመጣው ነው። ቫይረሱን አዲስ ያስመሰለው ወደ ከተማ የዘረጋው ገበያ ነበር።

እኚሁ ሐኪም በ1921 ሌላ በሽታ ገለጹ። ወደ ኬንያ የገቡ አውሮፓውያን ሰፋሪዎች አሳማ ያረቡ ነበር፤ አሳማዎቹ አንድም ሳይቀሩ ለማለት በሚያስደፍር መጠን አለቁ። ሞንትጎመሪ የተጠራጠሩት በአካባቢው የሚኖረውን ከርከሮ ነበር፤ ቫይረሱን ተሸክሞ ምንም ሳይሆን ይኖራል። ከርከሮው በሚተኛበት ጉድጓድ ውስጥ የምትኖር ለስላሳ መዥገር በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ቦታ እንዳላት ለማወቅ ግን ከ40 ዓመታት በላይ ያስፈልግ ነበር። ይህ «የአፍሪካ የአሳማ ወረርሽኝ» ኋላ ላይ እንደገና ይመጣል።

ከ1929 እስከ 1939፦ ከስኮትላንድ ኮረብታ እስከ ሩቅ ምሥራቅ ደን

በስኮትላንድ ኮረብታዎች በፀደይ ወራት በጎች እየተንቀጠቀጡና እየዘለሉ የሚሞቱበት በሽታ ከጥንት ጀምሮ ይታወቅ ነበር። በ1930 አካባቢ ተመራማሪዎች መንስኤው አንጎልን የሚያጠቃ ቫይረስ መሆኑን ለዩ፤ በ1932 ደግሞ የበግ መዥገር እንደምታስተላልፈው ተረጋገጠ። በዚያው ሰሞን፣ በ1931፣ ኦስትሪያዊው ሐኪም ሃንስ ሽናይደር በየዓመቱ በሞቃት ወራት የሚመላለስ፣ ማጅራት ገትር የሚመስል የሰው ሕመም መዘገቡ። ሁለቱ በሽታዎች የአንድ ቤተሰብ ቫይረሶች ሥራ መሆናቸውን ማንም አላወቀም።

ትልቁ መታጠፊያ በ1937 መጣ። ሶቭየት ኅብረት ጃፓንን በመፍራት ወደ ሩቅ ምሥራቅ ግዛቷ ብዙ ወታደር ታጓጉዝ ነበር፤ እንጨት ቆራጮችና ሰፋሪዎችም ወደ ድንግል ደኑ ይገቡ ነበር። በየፀደዩ ሰዎች በድንገት በከፍተኛ ትኩሳት ይወድቃሉ፣ አንገታቸውና ክንዳቸው ሽባ ይሆናል፣ ብዙዎችም ይሞታሉ። የአካባቢው ሐኪሞች በመጀመሪያ ኢንፍሉዌንዛ መስሏቸው ነበር።

ከሞስኮ የተላከውን ቡድን የመሩት ሌቭ ዚልበር ነበሩ። ጃፓን ውስጥ በትንኝ የሚተላለፍ የአንጎል ብግነት ይታወቅ ስለነበር የብዙዎች ግምት ወደዚያው ያደላ ነበር። ዚልበር ግን ሁለት ነገር አስተዋሉ። ታማሚዎቹ እርስ በርስ አልተገናኙም፤ ስለዚህ በትንፋሽ የሚተላለፍ አይደለም። ሕመሙ የሚጀምረው ደግሞ በፀደይ መግቢያ፣ ትንኝ ገና ሳይፈላ ነው። በዚያ ወር በደኑ ውስጥ ሰው የምትነክስ መዥገር ናት። ቡድኑ በጥቂት ወራት ውስጥ ቫይረሱን ከታማሚዎችና ከመዥገር ለየ።

ዋጋው ከባድ ነበር። ከቡድኑ አባላት በሥራ ላይ የተያዙ ነበሩ። ወጣቱ ሚኻይል ቹማኮቭ ከሞት ቢተርፉም የመስማት ችሎታቸውን አጡ፤ ቀኝ ክንዳቸውም ሽባ ሆነ። ዚልበር ደግሞ ወደ ሞስኮ በተመለሱ በዚያው ዓመት በስታሊን የጽዳት ዘመቻ በሐሰት ክስ ታሰሩ። ሥራው ግን ቀጠለ፤ በ1939 ገደማ ከአይጥ አንጎል የተሠራ የመጀመሪያው ክትባት ተሞከረ።

የኋለኞቹን ዘመቻዎች የመሩት የተውሳክ ሊቁ ዬቭጌኒ ፓቭሎቭስኪ ከዚህ ልምድ አንድ ሐሳብ ቀረጹ። እንዲህ ያለ በሽታ የራሱ አገር አለው፤ በተወሰነ ደን፣ በተወሰኑ የዱር እንስሳትና በተወሰነች መዥገር መካከል ሰው ባይኖርም እየዞረ ይኖራል። ሰው የሚታመመው ወደዚያ አገር ሲገባ ነው። ይህ አስተሳሰብ ጥያቄውን ራሱን ለወጠው። «በሽታው ከየት መጣ?» የሚለው ቀርቶ «ሰው ወደ በሽታው ለምን ሄደ?» ሆነ።

ከ1944 እስከ 1947፦ ጦርነትና ፀጉረ ውድ እንስሳ

መልሱ ብዙም አልቆየም። ጀርመን ክሪሚያን በያዘችባቸው ዓመታት እርሻው ጠፍ ሆነ፣ አደን ቆመ፣ ጥንቸል ያለ ልክ ተራባ። የጥንቸል መብዛት ለሃያሎማ መዥገር ግልገሎች ድግስ ነው፤ ትልልቆቹ ደግሞ ከብት ይፈልጋሉ፤ ከብቱ ግን የለም። በ1944 ባሕረ ገብ መሬቱ ነፃ ሲወጣ ወታደሮች አዝመራ ለመሰብሰብ ገበሬዎችን ሊያግዙ ገቡ፤ ሜዳ ላይም አደሩ። 200 ያህል ሰዎች ከአፍንጫ፣ ከድድና ከአንጀት ደም በሚያፈስ ትኩሳት ታመሙ። ለምርመራ የተላኩት ያው አንድ ክንዳቸው የሰለለ ቹማኮቭ ነበሩ። በሽታውን ከሃያሎማ መዥገር ጋር አገናኙት፤ ቫይረሱን በላቦራቶሪ ማሳደግ ግን ለዓመታት አልተቻለም።

ቹማኮቭ ወዲያው ሌላ ጥሪ ደረሳቸው። በምዕራብ ሳይቤሪያ፣ በኦምስክ አካባቢ፣ ረግረግ ዳር በሚኖሩ ሰዎች ላይ ደም የሚያፈስ ትኩሳት ተነሥቶ ነበር። በ1947 ቫይረሱ ተለየ። የሩቅ ምሥራቁ ደን ቫይረስ ዘመድ ነው፤ ያበዛው ግን የሰው እጅ ነበር። ለቆዳው ሲባል ከሰሜን አሜሪካ የመጣው ማስክራት የተባለ የውሃ ዳር አይጥ በሳይቤሪያ ሐይቆች ተለቆ ተራብቶ ነበር። ቫይረሱን ለማያውቀው እንስሳ ቫይረሱ ገዳይ ሆነ፤ የሞተውን ወይም የተጠመደውን ማስክራት የገፈፉ አዳኞችም መዥገር ሳትነክሳቸው ተያዙ። ለቆዳ ንግድ የመጣ እንግዳ እንስሳ የዱሩን በሽታ ወደ ሰው ጓዳ አስገባው።

ከ1951 እስከ 1963፦ ወተት፣ ዝንጀሮና የአውሮፕላን ፍርፋሪ

የሚቀጥለው አስርት ዓመት መዥገሯ ሰውን ሳትነክስ በሽታው የሚደርስባቸውን መንገዶች ገለጠ። በ1951 በቼኮስሎቫኪያ ሮዥኛቫ በተባለች ከተማ ከ600 በላይ ሰዎች በአንጎል ብግነት ታመሙ። አብዛኞቹ ደን አልገቡም። የጠጡት ወተት ነው። በመዥገር የተነከሱ ፍየሎች ቫይረሱን በወተታቸው ያወጣሉ፤ በማቀነባበሪያው የፍየሉ ወተት ሳይፈላ ከላም ወተት ጋር ተደባልቆ ለከተማው ተከፋፍሏል።

በ1957 በደቡብ ሕንድ፣ በሺሞጋ አውራጃ በሚገኘው የክያሳኑር ደን፣ ዝንጀሮዎች እየሞቱ ከዛፍ መውደቅ ጀመሩ። ወዲያው በመንደሮቹ ሰዎች ታመሙ። የዝንጀሮ ሞት የቢጫ ወባ ምልክት ስለሆነ ሕንድ ደነገጠች። ከፑኔ የቫይረስ ምርምር ማዕከል የሄዱት ተመራማሪዎች ያገኙት ግን የሩቅ ምሥራቁ ደን ቫይረስ ዘመድ የሆነ፣ በመዥገር የሚተላለፍ አዲስ ቫይረስ ነው። ደኑ ለእርሻ እየተመነጠረ፣ ከብት ወደ ጫካው እየገባ ነበር፤ ከብቱ የትልልቆቹ መዥገሮች ቀለብ ሆነ፣ መዥገር በዛች፣ ቫይረሱም ከትንንሽ የዱር እንስሳት ወጥቶ ዝንጀሮውንና ማገዶ ለቃሚውን አገኘ። በሽታው ዛሬም በምዕራብ ሕንድ ተራሮች ሥር ወደ አዳዲስ አውራጃዎች እየተስፋፋ ነው።

በዚያው 1957 የኬንያው አሳማ ገዳይ ከአፍሪካ ወጣ። በሊዝበን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የነበሩ አሳማዎች ከአውሮፕላን የተራረፈ ምግብ ይቀለቡ ነበር፤ ቫይረሱ የመጣው በዚያ ፍርፋሪ ውስጥ ነበር ተብሎ ይታመናል። ፖርቱጋል አንድ ጊዜ አጠፋችው፤ በ1960 ተመልሶ ወደ ስፔን ተሻገረ። እዚያ ያልተጠበቀ ነገር ገጠመው። በድሮ የድንጋይ አሳማ ቤቶች ስንጥቅ ውስጥ የምትኖር አውሮፓዊት ለስላሳ መዥገር ተቀበለችው። በ1963 የስፔኑ ሳንቼዝ ቦቲሃ ይህን ሲያሳዩ ነው በአፍሪካም የከርከሮ ጉድጓድ መዥገሮች እንዲመረመሩ በር የተከፈተው፤ እዚያም ቫይረሱ ተገኘ። በዲኤንኤ የተሠራ ሆኖ በመዥገር ወይም በትንኝ ውስጥ ተራብቶ የሚተላለፍ ሌላ ቫይረስ እስካሁን አይታወቅም። ከአይቤሪያ ምድር ነቅሎ ለማጥፋት ከ30 ዓመት በላይ ፈጀ።

ከ1956 እስከ 1978፦ ሁለት ስም የነበረው አንድ ቫይረስ

በ1956 በቤልጅግ ኮንጎ፣ ዛሬ ኪሳንጋኒ በምትባለው ከተማ፣ አንድ የ13 ዓመት ልጅ በትኩሳት ታመመ። ሐኪም ኩርቱዋ ደሙን ወስደው በአይጥ ግልገሎች ላይ ቫይረሱን አሳደጉ፤ ራሳቸውም ታመሙ። ናሙናው ወደ ኢንቴቤ ሄደ፤ ተመሳሳይ ቫይረሶችም በኡጋንዳ ተገኙ። «የኮንጎ ቫይረስ» የሚል ስም ወጣለት። በ1967 ደግሞ ቹማኮቭና ባልደረቦቻቸው አልሳካ ብሎ የቆየውን የክሪሚያ ቫይረስ ገና ጡት በሚጠቡ የአይጥ ግልገሎች ላይ ማሳደግ ቻሉ።

የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነው፤ የሁለቱ ወገን ላቦራቶሪዎች ናሙና መለዋወጣቸው ቀላል ነገር አልነበረም። ሆኖም ናሙናዎቹ በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ በሚሠሩት ጆርዲ ካሳልስ እጅ ተገናኙ። በ1969 ካሳልስ ሁለቱ ቫይረሶች በምርመራ የማይለዩ አንድ መሆናቸውን አስታወቁ። የአፍሪካው ጫካና የጥቁር ባሕሩ ሜዳ አንድ በሽታ ይጋሩ ነበር። ከዚህ በኋላ «የክሪሚያ-ኮንጎ ትኩሳት» የሚለው ጥምር ስም ጸና።

ታዲያ ይህን ያህል ርቀት ምን አገናኘው? አንዱን መልስ ሃሪ ሁግስትራል ከካይሮ ሰጡ። በአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ክፍል የሚሠሩት ይህ የመዥገር ሊቅ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በግብፅ የሚያልፉ ተጓዥ ወፎችን እያስያዙ ያስመረምሩ ነበር። በፀደይ ከአፍሪካ ወደ አውሮፓና እስያ፣ በመከር ከዚያ ወደ አፍሪካ በሚበሩት ወፎች ላይ የሃያሎማ ግልገሎች ተጣብቀው ተገኙ። ግልገሏ ደም እየመጠጠች ለሳምንታት አንድ እንስሳ ላይ ትቆያለች፤ በዚያ ጊዜ ወፉ ሜዲትራንያንን ያቋርጣል። ሌላው መልስ ከብት ነው፤ ከጥንት ጀምሮ በየብስና በባሕር የተነዳ መንጋ።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ በስም የገባችው በዚህ ዘመን ነው። በ1978 ዉድ፣ ሊ፣ አሽና ያው ካሳልስ ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ ከተሰበሰቡ መዥገሮች አራት ቫይረሶች ተለይተው ወጡ፦ የክሪሚያ-ኮንጎ፣ ቶጎቶ፣ ዱግቤ እና ጆስ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ጆን አሽ የኢትዮጵያን ወፎች በማጥናት የሚታወቁ ናቸው፤ የወፍና የመዥገር ምርምር አብረው ይሄዱ ነበርና። ቶጎቶ መጀመሪያ የተገኘው በናይሮቢ አቅራቢያ፣ ዱግቤና ጆስ በናይጄሪያ ነበር። የአንድ አገር መዥገሮች ከአህጉሩ ምሥራቅና ምዕራብ የሚታወቁ ቫይረሶችን ሰብስበው ተገኙ።

ከ1976 እስከ 1995፦ አንድ ማዕድ፣ አንድ ክትባት፣ አንድ ወደብ

እስከዚህ ዘመን ድረስ ሁሉም ያመኑበት አንድ ሕግ ነበር። መዥገር ቫይረሱን የምታገኘው በደሙ ውስጥ ብዙ ቫይረስ ካለው የታመመ እንስሳ ነው። በ1987 በእንግሊዝ የፓትሪሺያ ናተል ቡድን ቶጎቶ ቫይረስን በጊኒ ፒጎች ላይ ሲሞክር ሕጉ ተሰበረ። ቫይረስ ያላት መዥገርና የሌላት መዥገር ጎን ለጎን አንድ እንስሳ ላይ ሲመጡ፣ እንስሳው ሳይታመም፣ በደሙም ቫይረስ ሳይታይ፣ ንጹሕዋ መዥገር ትያዛለች። በመዥገር ምራቅ ውስጥ ያሉ ነገሮች የቆዳውን መከላከያ አደንዝዘው ለቫይረሱ መንገድ ይጠርጋሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስሎቫኪያዊው ሚላን ላቡዳና ባልደረቦቻቸው በመዥገር የሚተላለፈው የአንጎል ብግነት ቫይረስም በዚሁ መንገድ በዱር አይጦች ላይ እንደሚሻገር አሳዩ። በአንድ ማዕድ የሚቀርቡ እንግዶች በሽታ እንደሚጋሩት ማለት ነው፤ ማዕዱ ራሱ ግን አይታመምም። ጤነኛ የሚመስል መንጋ ለምን ቫይረስ እንደሚያኖር ከዚህ በኋላ ግልጽ ሆነ።

በዚሁ ዘመን አንድ አገር በሽታውን ወደ ኋላ ገፋች። ኦስትሪያ ውስጥ በ1970ዎቹ መጨረሻ በአንዳንድ ዓመት ከ600 በላይ ሰዎች በአንጎል ብግነቱ ሆስፒታል ይገቡ ነበር። የክርስቲያን ኩንዝ ቡድን ያበለጸገው ክትባት በ1976 ሥራ ላይ ዋለ፤ በ1981 የተጀመረው አገር አቀፍ ዘመቻ አብዛኛውን ሕዝብ ሲያዳርስ ቁጥሩ በአስርት ዓመታት ውስጥ ወደ 100 እና ከዚያ በታች ወረደ። መዥገሯ አልቀነሰችም፤ ቫይረሱም ከደኑ አልወጣም። የተለወጠው የሰው አቅም ነው።

በባሕረ ሰላጤው በኩል ግን አዲስ በር ይከፈት ነበር። በነዳጅ ሀብት ያደጉትን ከተሞች ለመመገብ ከአፍሪካ ቀንድና ከእስያ የቁም እንስሳ በብዛት ይጫን ጀመር። በ1979 ዱባይ ውስጥ የክሪሚያ-ኮንጎ ትኩሳት የሆስፒታል ሠራተኞችን ጭምር ያዘ። በ1994 እና 1995 በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የታመሙት በብዛት የእንስሳት ገበያ ሠራተኞች፣ አራጆችና ቆዳ ሠራተኞች ነበሩ። በጅዳም በ1990ዎቹ አጋማሽ ከታመመ ሥጋ ሻጭ አዲስ ቫይረስ ተለየ፤ «አልኹርማ» ተባለ። ዘረመሉ ሲነበብ ከሕንዱ የክያሳኑር ደን ቫይረስ ጋር የቅርብ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ዝንጀሮ ከሚኖርበት እርጥብ ደን እስከ ግመል በረት፤ መሐሉን የሚያገናኘው የከብትና የግመል ንግድ ወይም የወፍ በረራ ሳይሆን አይቀርም። በ2016 የወጣ ጥናት ደግሞ ቫይረሱን በጅቡቲ ከብቶች ላይ በተለቀሙ መዥገሮች ውስጥ አገኘ፤ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

ከ1989 እስከ 2008፦ መንግሥታት ሲፈርሱ

የሶቭየት ኅብረት መፍረስ የመዥገርን በሽታ ያበዛል ብሎ የገመተ አልነበረም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢስቶኒያ፣ በላትቪያና በሊቱዌኒያ የአንጎል ብግነቱ ታማሚ ቁጥር በድንገት አሻቀበ። ብዙዎች የአየር ንብረትን ተጠያቂ አደረጉ። የኦክስፎርዷ ሳራ ራንዶልፍ መረጃውን ሲያብጠረጥሩ ግን የአየር ሙቀቱ ብቻውን አልበቃቸውም። ሥራ ያጣ ሰው እንጉዳይና የዱር ፍሬ ለመልቀም ደን ገብቷል፤ የጋራ እርሻዎች ጠፍ ሆነው ቁጥቋጦ በቅሎባቸዋል፣ የዱር እንስሳ ተራብቶባቸዋል፤ የፀረ ተባይ ርጭቱና የክትባቱ ሥርዓት ላልቷል። ድህነት ሰውንና መዥገርን አንድ ቦታ አገናኘ።

በ2002 በቱርክ ቶካት አካባቢ የክሪሚያ-ኮንጎ ትኩሳት ታየ፤ ከዚያ ወዲህ በቱርክ ከ10,000 በላይ ሰዎች ታመዋል። እዚያም ተመራማሪዎች ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች አንዱ ታርሶ የኖረ መሬት ጠፍ ሆኖ ጥንቸልና የዱር አሳማ መብዛቱ ነው፤ ከዚያ 60 ዓመት ገደማ ቀድሞ በክሪሚያ የሆነውን ያስታውሳል።

በ2007 ደግሞ የአሳማው ወረርሽኝ በጆርጂያ የፖቲ ወደብ በኩል እንደገና ከአፍሪካ ወጣ። ዘረመሉ በሞዛምቢክና በማዳጋስካር አካባቢ ከሚገኘው ጋር ይገጥማል፤ ምናልባት ከመርከብ የተጣለ የምግብ ትራፊ አመጣው። በዚህ ጊዜ ቫይረሱ መዥገር አላስፈለገችውም፤ በሥጋ፣ በመኪና ጎማ፣ ከአሳማ ወደ አሳማ እየዘለለ ሩሲያን አቋርጦ በነሐሴ 2018 የዓለም ግማሽ ያህሉ አሳማ በሚረባባት ቻይና ገባ። በኢትዮጵያ ከ2011 እስከ 2014 በታመሙ አሳማዎች ላይ የተገኘው ግን ሌላ ሆነ፤ በ2017 በወጣ ጥናት ከዚያ በፊት የማይታወቅ ዓይነት፣ 23ኛው ተብሎ ተመዘገበ። ቫይረሱ በጥንት ቀዬው፣ በምሥራቅ አፍሪካ፣ ገና ያልተነበበ ብዙ ገጽ አለው።

ከ2009 እስከ 2024፦ ዘረመል የሚያነብ መሣሪያ

እስከ 2000ዎቹ ድረስ አንድ ቫይረስ የሚታወቀው ሰው ወይም እንስሳ ሲታመም፣ ከዚያም በአይጥ ወይም በላቦራቶሪ ሕዋስ ላይ ሲያድግ ነበር። የዘረመል ንባብ መርከሱ ይህን ገለበጠው፤ መዥገሯን ፈጭቶ በውስጧ ያለውን ሁሉ ማንበብ ተቻለ።

ለውጡ በታማሚዎች ተጀመረ። በ2009 በማዕከላዊ ቻይና ገበሬዎች ትኩሳት፣ የደም አርጊ ሕዋሳት መቀነስና የደም መፍሰስ እየታየባቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2011 አዲስ ቫይረስ መሆኑ ታተመ፤ በ2013 ጃፓንና ደቡብ ኮርያም ታማሚዎቻቸውን አስታወቁ። በዚያው 2009 በአሜሪካ ሚዙሪ ሁለት ገበሬዎች ተመሳሳይ ሕመም ያዛቸው፤ የእነሱ ቫይረስ፣ «ሃርትላንድ»፣ የቻይናው የቅርብ ዘመድ ሆነ። በ2014 በካንሳስ አንድ ታማሚ ላይ የተገኘው «ቡርበን» ደግሞ ከኢትዮጵያ መዥገሮች ከተለየው ከቶጎቶ ቤተሰብ ነው። የቻይናውን ቫይረስ የምታስተላልፈው የእስያ መዥገር ያለ ወንድ ብቻዋን መራባት ትችላለች፤ አንዲት ሴት መንጋ ትመሠርታለች። በ2017 በኒው ጀርሲ በአንዲት በግ ላይ ተገኘች፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ታይታለች። ቫይረሱ እዚያ አልተገኘም፤ መኖሪያው ግን ተዘጋጅቷል።

በ2015 የቻይናው ዣንግ ዮንግ-ዠን ቡድን መዥገርን ጨምሮ 70 የነፍሳትና የዘመዶቻቸውን ዝርያዎች ፈትሾ 112 አዳዲስ ቫይረሶች አስመዘገበ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ «ጂንግመን» የተባለ የመዥገር ቫይረስ ተገልጾ ነበር፤ ዘረመሉ በአራት ክፍል የተከፋፈለ፣ ከፊሉ የአንጎል ብግነቱን ቫይረስ ቤተሰብ የሚመስል፣ ከፊሉ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ፍጥነት ጨመረ፤ በ2019 በውስጥ ሞንጎሊያ ታማሚዎች ላይ የተገኘው «አሎንግሻን»፣ በ2021 በጃፓን የተገለጸው «የዞ»፣ በ2024 የታተመው «ዌትላንድ»። ቅደም ተከተሉም ብዙ ጊዜ ይገለበጥ ጀመር። ቀድሞ በሽታው ተገኝቶ ቫይረሱ ይፈለግ ነበር፤ አሁን ብዙ ጊዜ ቫይረሱ ተገኝቶ በሽታ ያመጣ እንደሆነ ይጠየቃል።

ነባሮቹም አልተኙም። በ2010 በስፔን አጋዘኖች ላይ በነበሩ መዥገሮች ውስጥ የክሪሚያ-ኮንጎ ቫይረስ ተገኘ፤ በ2016 ማድሪድ ውስጥ አንድ ሰው ሞተ፣ ያስታመመችው ነርስም ተያዘች። በሞቃታማው የ2018 በጋ በወፍ የተጫኑ የሃያሎማ ግልገሎች በጀርመንና በስዊድን አድገው ተገኙ፤ ቀድሞ ብርዱ ይገድላቸው ነበር። በ2023 ቫይረሱ በደቡብ ፈረንሳይ መዥገሮች ውስጥ ታየ። በ2022 በኢራቅ ከጥር እስከ ግንቦት 22 ብቻ 212 ታማሚዎችና 27 ሟቾች ተመዘገቡ። የዓለም ጤና ድርጅት የሞት መጠኑን ከ10 እስከ 40 በመቶ ያደርሰዋል፤ በዓለም ዙሪያ ፈቃድ አግኝቶ የሚሰጥ ክትባት እስካሁን የለውም።

ታሪኩ ለቄራና ለበረት የሚለው

ከ130 ዓመት በላይ በሆነው በዚህ ጉዞ ማስጠንቀቂያው ቀድሞ የመጣው ከላቦራቶሪ አልነበረም። የቴክሳስ ከብት ነጂ፣ የስኮትላንድ እረኛ፣ የኦምስክ አዳኝ፣ የክያሳኑር መንደርተኛ፣ የጅዳ ሥጋ ሻጭ፤ በሽታው መጀመሪያ የታየው እጃቸው ከእንስሳ በማይለይ ሰዎች ዘንድ ነው። ሳይንሱ ፈጥኖ የደረሰው እነሱን በሰማበት ጊዜ ነው፤ በዘገየበት ጊዜ ደግሞ ሐኪሙና ነርሷም የታማሚዎቹን ዕጣ ተጋርተዋል።

ይህ ለኢትዮጵያ የሩቅ ነገር አይደለም። ከአፍሪካ በከብት ብዛት ግንባር ቀደም በሆነች አገር፣ የክሪሚያ-ኮንጎ ቫይረስ በመዥገሮቿ ውስጥ መኖሩ በታወቀ ከ40 ዓመት በላይ በሆናት ምድር፣ ከብቱ በእግርና በመኪና ወደ ድንበርና ወደ ወደብ ይነዳል። ቫይረሱ ደግሞ ከብቱን አያሳምምም፤ ለአንድ ሳምንት ያህል በደሙ ውስጥ ቆይቶ ያልፋል፤ ገዢውም ሻጩም አያየውም። ከታሪኩ የሚወጣው ምክር ቀላልና ርካሽ ነው። መዥገር በባዶ እጅ አትጨፈለቅም፤ በወረንጦ ከሥሯ ትነቀላለች። ወተት ይፈላል። አራጅና ቆዳ ገፋፊ ጓንት ያደርጋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው እንስሳው ከመታረዱ ሁለት ሳምንት በፊት የመዥገር መድኃኒት ከተረጨ ወይም ከተለየ አደጋው በጣም ይቀንሳል። በቄራና በቁም እንስሳት ማቆያ የሚሠራ ሰው ያልታወቀ ትኩሳት ሲይዘው «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ደግሞ ከማንኛውም መሣሪያ ይቀድማል። ዚልበር በ1937 ያደረጉት ይኸው ነበር፤ ታማሚዎቹ የት እንደዋሉና በየትኛው ወር እንደታመሙ ጠየቁ።